አምፖሏ ባትበራስ?

በየትምህርት ቤቱ «የሳይንስ ክበብ» የሚባል ነገር አለ። አለ ከተባለ ነው እንግዲህ። ስሙ በር ላይ ተለጥፏል፤ ሰብሳቢና ጸሐፊ አለው፤ ዓመታዊ ዕቅዱም ርእሰ መምህሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ክበቡ ራሱ ግን የሚታየው በዓመት አንዴ፣ እንግዳ ሲመጣ ነው።

ያን ቀን ግቢው ይጠረጋል። ከካርቶን የተሠራ ግድብ፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ወንዝ፣ ከጎኑም በሁለት ባትሪ ድንጋይ የምትበራ ሚጢጢ አምፖል ጠረጴዛ ላይ ይደረደራሉ። አንድ ጎበዝ ልጅ ተመርጦ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ የሸመደደውን ንግግር በእንግሊዝኛ ያነበንባል። የቀሩት አባላት ከኋላ ቆመው ያጨበጭባሉ። ሽቦውን ወንዶቹ ይይዛሉ፤ ሴቶቹ ፖስተሩን ይዘው ይቆማሉ፤ አለዚያም ለእንግዳው አበባ ያቀርባሉ። ክቡር እንግዳው «በርቱ» ይላሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ይሄዳሉ። አባቶች «በልጅ አመካኝቶ ይበላል አንጉቶ» ያሉት እንዲህ ያለውን አይተው ሳይሆን አይቀርም።

ለመሆኑ ያቺ አምፖል ባትበራስ? የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። መምህሩ ልጁን ይገላምጠዋል። ርእሰ መምህሩ «ቅድም እኮ ትሠራ ነበር» እያለ ላብ ያጠምቀዋል። ልጁ አንገቱን ይደፋል። ጓደኞቹ ደግሞ እስከ ሰኔ ድረስ «አምፖል» እያሉ ይጠሩታል። «እሰይ! ሳይንሱ ገና አሁን ጀመረ። ለምን አልበራችም? እስቲ ምን ትገምታላችሁ?» የሚል ግን አንድም ሰው አይገኝም።

ክርክሬ እዚህ ላይ ነው። ለሳይንስ ክበቦቻችን ሽቦ፣ ማግኔትና ማይክሮስኮፕ ስንለምን ኖረናል። አያስፈልግም አልልም፤ ያስፈልጋል። ከዚያ በላይ የጎደለን ግን «ተሳስቻለሁ» ለማለት የማያፍር፣ «አልገባኝም» ሲል የማይሳቅበት፣ ሌላው ሲናገር የሚያዳምጥ፣ ሲሸነፍ የማያኮርፍ ልጅ ነው። ባለሙያዎች ይህን «ማኅበራዊና ስሜታዊ ክህሎት» ይሉታል። ስሙ ይከብዳል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው፤ የራስን ስሜት ማወቅና መግዛት፣ የሌላውን መረዳት፣ ተግባብቶ መሥራት፣ አስቦ መወሰን ማለት ነው። ብዙዎቻችን ይህን ከሳይንሱ ላይ የሚነሰነስ ማጣፈጫ አድርገን እናየዋለን፤ ጊዜ ከተረፈ የሚሰጥ፣ ካልተረፈ የሚቀር። ያለ እሱ ግን ሳይንስ የለም።

እስቲ ሁለት ምሳሌ እንይ። እ.ኤ.አ. ጥር 28 ቀን 1986 የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ቻሌንጀር በተነሳች በ73 ሰከንድ አየር ላይ ተበታተነች፤ የተሳፈሩት ሰባቱም ሰዎች አለቁ። መንስኤው ቅዝቃዜ ያደረቀው የጎማ ቀለበት ነበር። ሪቻርድ ፋይንማን የተባለው የፊዚክስ ሊቅ በምርመራው ስብሰባ ላይ ጎማውን በረዶ ባለበት ውኃ ውስጥ ነክሮ፣ ጎማው ሲቀዘቅዝ እንዴት እንደሚፈዝ ለዓለም አሳየ። ታዲያ ይህን ከእሱ በፊት የሚያውቅ አልነበረም? ነበረ እንጂ! ቀለበቱ ያለበትን ሮኬት የሠራው ኩባንያ መሐንዲሶች በዋዜማው ማታ «በዚህ ብርድ አትነሳ» ብለው ተከራክረዋል። አለቆቻቸው አልሰሟቸውም። የጠፋው የፊዚክስ እውቀት አልነበረም፤ እውቀቱ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበረ። የጠፋው ሰሚ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1999 ማርስ ላይ ደርሳ የጠፋችው የናሳ መንኮራኩር ናት። አንዱ ቡድን በእንግሊዝ መለኪያ አስልቶ ሲልክ፣ ሌላው በሜትሪክ የተሰላ መስሎት ተቀበለ። በጉዞው ላይ አንድ ነገር ትክክል እንዳልሆነ የጠረጠሩ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ጥርጣሬያቸው ግን በወጉ ተነስቶ፣ እስከ መጨረሻው ተገፍቶ አልተጣራም። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚያውቀውን የመለኪያ ልዩነት የዓለም ጠቢባን ሳያዩት አለፉ። ምክንያቱ ደግሞ ደጋግሞ ያልተጠየቀ ጥያቄ ነው።

እንግዲህ የጠፈር ሊቃውንቱ እንዲህ ከሆኑ፣ ከስልሳ ልጆች ጋር ተጨናንቆ የሚማረው የእኛ ልጅ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ ይቺ ነገር ልክ አልመሰለችኝም» የሚለው በየትኛው ወኔው ነው? ክፍል ውስጥ ስሕተት ማርክ ያስቀንሳል። ቤት ውስጥ ስሕተት ቁጣ ያመጣል። ሰፈር ውስጥ ስሕተት የቅጽል ስም ያወጣል። በልጁ ቀን ውስጥ ተሳስቶ ምንም የማይከፍልባት አንዲት ሰዓት ብትኖር፣ ደወል ከተደወለ በኋላ ያለችው የክበብ ሰዓት ናት። ፈተና የላትም፤ ደረጃ የላትም፤ ሮስተር ላይ አትገባም። ድፍረትም፣ መደማመጥም፣ መሸነፍም መለማመጃ ቦታቸው እሷ ናት።

ይቺኑ ሰዓት ነው አሁን እየበላናት ያለነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ኩረጃን ለመከላከል ተብሎ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ሲሰጥ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ተማሪ ከመቶ 3.3 ብቻ ሆነ። በተከታዩ ዓመትም 3.2። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ከፍ ቢልም ድንጋጤው አልለቀቀንም። መደንገጣችን ተገቢ ነው። የተደናገጠ ሰው ግን የሚይዘውንና የሚጥለውን አያውቅም። በየትምህርት ቤቱ ከደወል በኋላ ያለው ጊዜ የማጠናከሪያ ትምህርት ሆነ፤ ማጠናከሪያው ደግሞ የአምና የካቻምና ጥያቄ እየመዘዙ «መልሱ ሐ ነው» ማለት ሆነ። ክበቡ የት ሄደ? «ለጊዜው ቆሟል»። በእኛ አገር ለጊዜው የቆመ ነገር መቼ እንደሚነሳ የምታውቁ ታውቃላችሁ።

ግን እስቲ እንጠይቅ። ያ ሁሉ ልጅ ለዓመታት ሳይገባው ከክፍል ክፍል ሲያልፍ ዝም ያለው ለምንድን ነው? የመጽሐፍ እጥረት አለ፤ የመምህር እጥረት አለ፤ ጦርነትም ነበረ፤ ይህን ማንም አይክድም። ከዚህ ሁሉ ጋር ግን «አልገባኝም» ማለት የሚያሳፍርበት ክፍል አለ። ያልገባው ልጅ መናገር ካልቻለ፣ መምህሩ ምን እንዳልገባው በምን ያውቃል? መጠየቅ የሚፈራን ልጅ ሰዓት ጨምራችሁ ብታስቀምጡት የምትጨምሩለት የዝምታ ሰዓት ነው።

«ይህ የወላጅ ሥራ ነው፤ ትምህርት ቤት እውቀት ይስጥ» የሚሉ አሉ። ደግ። ወላጁ ግን ምን ይላል? «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይላል። «ዝም አይነቅዝም» ይላል። «ጨዋ ልጅ ነው» ብለን የምናመሰግነው ማንን እንደሆነ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? አብዛኛውን ጊዜ የማይናገረውን ነው። ጨዋነት ትልቅ ነገር ነው፤ ለታላቅ መነሳት፣ አፍን መሰብሰብ፣ ሰውን አለማዋረድ የምንኮራበት ወጋችን ነው። ከጨዋነትና ከዝምታ ግን አንዱን ለሌላው ሸጠናል። አክብሮ መቃወም የሚባል ነገር እንዳለ ለልጆቻችን አላሳየናቸውም።

«ይህማ የፈረንጅ ፋሽን ነው» የሚሉም አሉ። ደቦን ፈረንጅ አመጣው እንዴ? ዕድርን ፈረንጅ መሠረተው? ሐዘንተኛን አጽናንቶ፣ የተጣላን አስታርቆ፣ ተራ ጠብቆ የሚናገር ሕዝብ ነን። ችግሩ ይህን ሁሉ ለለቅሶና ለሽምግልና ትተን፣ ላብራቶሪ በር ላይ ስንደርስ ብቻችንን መግባታችን ነው።

«ሥነ ምግባር እናስተምራለን እኮ» የሚለውስ? በዚህ እንኳ ባትከራከሩኝ ይሻላል። በሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ትምህርት ለዓመታት 11 እሴቶችን አስጠንተናል። ኃላፊነትን፣ ፍትሕን፣ ታታሪነትን፣ በራስ መተማመንን። ልጆቹ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ወጧቸው። ከዚያ በኋላ የሥነ ምግባር ፈተና ላይ ኮረጁ። «አንድ ለአምስት» ብለንም አደራጅተናቸው ነበር። ጎበዙ መሪ ሆነ፤ አራቱ ከእሱ ገለበጡ፤ ሪፖርቱ ተሟላ። ልጆችን አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ማስቀመጥ አብሮ መሥራትን አያስተምርም። ንግግር ማድረግም አያስተምርም።

ይህን የምለው ከባዶ ተነስቼ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ጆሴፍ ደርላክና ሮጀር ዋይስበርግ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ከባልደረባቸው ጋር ሆነው፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላ በሚካሄዱ ወደ 70 በሚጠጉ ፕሮግራሞች ላይ የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስበው መረመሩ። ለውጥ ያመጡት ክህሎቱን ደረጃ በደረጃ፣ በተግባር እያሠሩ፣ በቂ ጊዜ ሰጥተው፣ ምን እንደሚያስተምሩም በግልጽ ለይተው የያዙት ናቸው። በእነዚህ ውስጥ የልጆቹ ጠባይ ብቻ ሳይሆን የትምህርት ውጤታቸውም ተሻሻለ። እንዲሁ ልጅ ሰብስበው የዋሉት ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጡም። ስለ ውጤት ለምትጨነቁ ሁሉ ይህን እንኳ ስሙ።

እ.ኤ.አ. በ1989 ዲን ኬመን የመሠረተው «ፈርስት» የሚባል የተማሪዎች የሮቦት ውድድርም አለ። የኤም አይ ቲው ፕሮፌሰር ዉዲ ፍላወርስ ለውድድሩ ያወረሰው መመሪያ ባጭሩ «ተፎካከር፣ ተፎካካሪህን ግን አክብር፣ እርዳም» የሚል ነው። በትልልቆቹ ልጆች ውድድር ከሁሉ የሚከበረው ሽልማትም ሜዳ ላይ ላሸነፈው ሮቦት አይሰጥም፤ ለሌሎች አርአያ ለሆነው ቡድን ነው የሚሰጠው። እኛ ጋ ዋንጫው ለማን ይሰጣል? አምፖሏ ለበራችለት።

«ገንዘብ የለም» እንዳትሉኝ። የምጠይቀው ሳንቲም አያስወጣም። ሥራው ተራ ይኑረው፤ ዛሬ ፒንሳ የያዘ ነገ ማስታወሻ ይያዝ፤ ዛሬ ማስታወሻ የያዘችው ልጅ ነገ ፒንሳውን ትያዝ። ሙከራው ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ ግምቱን ይጻፍ፤ ሲያልቅም «የት ላይ ተሳሳትኩ?» ብሎ ለጓደኞቹ ይንገር፤ የሚስቅ ካለ መምህሩ ያስቁመው። ትችት ሁሉ «ምን አየህ?» ከሚል ጥያቄ ይጀምር፤ «አንተ ደደብ» ከሚል አይጀምር። ሁለት ልጆች በአንድ ሽቦ ሲጣሉ ሽቦውን ቀምቶ ማባረር ቀላል ነው፤ አስቀምጦ «አንተ ምን ፈለግህ? እሷስ ምን ፈለገች?» ብሎ አሥር ደቂቃ ማጥፋት ግን የዕለቱ ትምህርት ነው። በኤግዚቢሽኑም ቀን አንድ ጠረጴዛ ላልሠራው ነገር ይሰጥ። «ይህን ሞከርን፤ እምቢ አለ፤ ምክንያቱ ይህ ይመስለናል» ብለው ልጆቹ ያስረዱ።

መምህሩስ? በርግጥ እሱ ላይ ሁሉን መጫን ግፍ ነው። ደመወዙ አይበቃውም፤ የክበብ ሰዓቱም አይታሰብለትም። እሱ ራሱ ተሳስቶ ሲያበቃ በማስመሪያ ጣቱን እየተመታ ነው ያደገው፤ ያልተቀበለውን ከየት አምጥቶ ይስጥ? ስለዚህ ትምህርት ቢሮዎች ለዚህ ሰዓት አበል ያስቡለት፤ ሥልጠናም ይስጡት። እስከዚያው ግን አንድ ነገር ከእሱ እንጠብቃለን። ልጅ ፊት ቆሞ «ይህን እኔም አላውቀውም፤ አብረን እንፈልገው» ይበል። ከዚህ የበለጠ የሳይንስ ትምህርት የለም።

እናንተ ርእሳነ መምህራን፣ ያቺን ሰዓት ለፈተና ጥያቄ አትሽጡብን። እናንተ ወላጆች፣ ልጃችሁ ከክበብ ሲመለስ «ስንተኛ ወጣህ?» ብላችሁ አትቀበሉት፤ «ዛሬ ምን እምቢ አለህ?» በሉት። እርስዎም ክቡር እንግዳ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጡ ንግግር የሸመደደውን ልጅ ይለፉትና፣ ከኋላ ቆማ ፖስተር የያዘችውን ልጅ «አንቺስ ምን ጠየቅሽ?» ይበሏት። መልስ ካጣች ጥፋቱ የእሷ አይደለም።