ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም



ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና በቀጥታ ልጀምር። ሚስቱን ማምጣት ያቃተው፣ ልጁ አገር ቤት የቀረችበት፣ የእናቱን መርዶ በስልክ የሰማ ወገናችን ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ምክንያቱን ብትጠይቁት መልሱ አንድ ነው፤ «ኢሚግሬሽን ከለከለኝ» ይላችኋል። የአሜሪካ ሕግ ጨካኝ መሆኑን አልክድም። በሩ አንዳንዴ ይጠባል፣ አንዳንዴም ጭራሹን ይዘጋል። ነገር ግን ቤተሰባችንን ያስቀረብን የፈረንጅ ሕግ ብቻ ነው ማለት ራስን ማታለል ነው። ግማሹን በር የዘጋነው እኛው ነን። የሚቆጣ ካለ ይቆጣ፤ እኔ ግን መጀመሪያ ራሴን ልክሰስ።

ዛሬ ታክሲ እነዳለሁ እንጂ አገር ቤት ሳለሁ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ነበርኩ። የዲቪ ወቅት ሲደርስ እንግሊዝኛው የከበደው ሁሉ ወደ እኔ ይመጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 አንድ የሥራ ባልደረባዬ ኢንተርኔት ቤት አጠገቤ ቁጭ ብሎ «ልጅቷንስ እናስገባት?» አለኝ። ሳያገባ የወለዳት የአንድ ዓመት ሕፃን ነበረችው። እኔም አዋቂ መስዬ «ነገር አታወሳስብ፤ አንተን ይቅናህ እንጂ እሷን ኋላ ትወስዳታለህ» አልኩት። ልጅ የለውም ብዬ ሞላሁለት። የዲቪው መመሪያ ግን ያላገባ፣ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ሁሉ፣ አብሮ ባይሄድም እንኳ፣ እንዲጻፍ ያዝዝ ነበር።

ዕጣው ወጣለትና መጣ። በኤምባሲው ቃለ መጠይቅም ያንኑ ደገመው። ዛሬ እሱም እኔም በአንድ የአውሮፕላን ማረፊያ የታክሲ ተራ እንሰለፋለን። ልጁን ልጥራ ቢል የድሮው ማመልከቻ ከፋይሉ ይወጣና «ያኔ የለኝም ያልከው ልጅ ከየት መጣ?» ይባላል፤ የራሱም መኖሪያ ፈቃድ ጥያቄ ላይ ይወድቃል። ዝም ቢል ልጅቷ 21 ዓመት ልትደፍን ነው። እስከ ቅርብ ጊዜ ስልክ ሲደውል «አጎቴ» ነበር የምትለው፤ ስልክ ይጠለፋል ብሎ የመከረው ሰው ነበር። ያንን የመከርኩት እኔ አይደለሁም። መንገዱን የጠረግሁት ግን እኔ ነኝ።

«ማን ያውቃል ብለህ ነው?» የሚል አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካ መንግሥት ናይሮቢ ላይ፣ እዚህ ያሉ ዘመዶቻቸው የጠሯቸውን ስደተኞች በዲ.ኤን.ኤ. መመርመር ጀመረ። ከተመረመሩት የሚበዙት ሶማሊያውያንና ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ምርመራው ኢትዮጵያን ጨምሮ ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ተስፋፋ። ብዙው አልመረመርም አለ፤ ከተመረመረውም የብዙው ዝምድና ሳይረጋገጥ ቀረ። በዚህ የተነሣ ፒ-3 የሚባለው የስደተኛ ቤተሰብ መገናኛ መስመር በዚያው ዓመት ቆመ። እንደገና የተከፈተው በ2012 ነው። አራት ዓመት ሙሉ የማትዋሸዋ እናት እውነተኛ ልጅ ከሐሰተኛው ጋር አብሮ ተቀጣ። ይህን ዕዳ ማን ይክፈል?

«የእኛ ቤተሰብ እንደ ፈረንጅ አይደለም፤ የሟች እህቴን ልጅ ያሳደግሁት እኔ ነኝ፤ ልጄ ናት» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ሕጉ ያሳደገችን አክስት እንደ እናት አለመቁጠሩ በደል ነው፤ እኔም እቃወመዋለሁ። ይሁን እንጂ ያሳደጓትን «ወለድኳት» ብሎ መጻፍ በደሉን አያቃናውም። አንድ ምርመራ ይበቃዋል። ያን ጊዜ እሷም ትቀራለች፣ የጠራትም ይጠየቃል።

ያልዋሸውን ደግሞ ቸልተኝነት ይጎዳዋል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ለትዳር ጓደኛውና ላላገቡ ልጆቹ ማመልከት ይችላል፤ ለእናት ለአባቱ፣ ለወንድም ለእህቱ ግን ዜጋ መሆን አለበት። አብዛኛው ሰው በአምስት ዓመቱ ዜግነት መጠየቅ ሲችል ዐሥራ አምስት ዓመት ካርዱን ታቅፎ ይቀመጣል። «ኢትዮጵያዊነቴን አልለውጥም» የሚለውን አከብረዋለሁ፤ ብቻ ውሳኔው እናቱን ሊያስቀርበት እንደሚችል አውቆ ይወስን። ጥገኝነት ያገኘውም አይ-730 የሚባለውን ቅጽ ለሚስቱና ለልጆቹ በሁለት ዓመት ውስጥ ማስገባት ሲገባው፣ «ትንሽ ልቋቋም» እያለ ጊዜውን ያሳልፋል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ሰርጉ ነው። አባት በግሪን ካርዱ ለልጁ ያመለክታል። ወረፋው ሲረዝም ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ልጅቷን ይድራታል፤ አባትም የድግሱን ወጪ ከዚህ ይልካል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ላገባች ልጅ ማመልከት አይችልምና ማመልከቻው በሰርጉ ቀን ይሞታል። የልጁን መቅረት በገዛ ዶላሩ ደገሰ ማለት ነው።

ለእኛ ለታክሲ ነጂዎች ደግሞ የተለየ ወቀሳ አለኝ። ዓመቱን ሙሉ ሌት ተቀን ነድተን፣ ኤፕሪል ሲደርስ ለመንግሥት የምናስታውቀው ገቢ የለማኝ ገቢ ነው። ቤተሰብ የሚጠራ ሰው አይ-864 የሚባል የድጋፍ ውል ይፈርማል። ገቢውም እንደ ቤተሰቡ ብዛት ከተወሰነው የድህነት መለኪያ በአብዛኛው 125 በመቶ መድረስ አለበት። የሚታየው የታክሱ ወረቀት እንጂ ኪሳችን አይደለም። ከዚያ «እባክህ ፈርምልኝ» እያልን የሰው ደጅ እንጠናለን። የሚፈርመው ሰው ግዴታ ደግሞ፣ የመጣው ሰው ዜጋ እስኪሆን ወይም ዐሥር ዓመት ያህል ሥራ እስኪቆጠርለት ሊዘልቅ ይችላል። ጥቂት ዶላር ለማትረፍ ብለን ሚስታችንን እናስቀራለን። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው!

ለመሆኑ ይህን ሁሉ ማን ይመክረናል? እኛው ነን! ታክሲ ተራ ላይ፣ ቡና ቤት፣ ለቅሶ ቤት። ጥርሱን ሲያመው ሐኪም ዘንድ የሚሄድ ሰው የልጁን ዕድል ታክሲ ነጂ ያማክራል። ከእኛ የሚብሰው ቅጽ እሞላለሁ ብሎ ገንዘብ የሚቀበለው ደላላ ነው። እሱ ስሙን እንኳ አይጽፍም፤ ፊርማው የእናንተ ነው፣ ተጠያቂውም እናንተ ናችሁ።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ የምትፈርሙትን ቃል በቃል አስተርጉማችሁ ስሙ። ያስገባችሁትን ወረቀት ሁሉ ቅጂውን አስቀምጡ። ልጅ ከመዳራችሁ በፊት፣ ታክስ ከማስገባታችሁ በፊት ፈቃድ ያለውን ጠበቃ ጠይቁ፤ አቅም ለሌለው በነፃ የሚረዱ ድርጅቶች አሉ። የተሳሳተ ነገር ከጻፋችሁም ሌላ ውሸት አትደርቡበት፤ ሌላ ወረቀት ከመላካችሁ በፊት ለጠበቃው ሙሉውን ተናገሩ።

እኔም የመከርኩትን ለማድረግ ባለፈው ወር ባልደረባዬን ይዤ ጠበቃ ዘንድ ሄድኩ። እሱ ሁሉን ተናገረ፤ እኔም ያን ዕለት ኢንተርኔት ቤት ያልኩትን ሳልደብቅ ተናገርኩ። ጠበቃዋ አይዟችሁም አላለችን፣ አበቃም አላለችን። ይቅርታ የሚጠየቅበት መንገድ እንዳለ፣ አደጋም እንዳለው ነገረችንና ሌላ ቀን ቀጠረችን። ስንመለስ መኪናው ውስጥ ለልጁ ደወለ። «አጎቴ» ስትለው «ከእንግዲህ አባቴ በይኝ» አላት። ለረጅም ጊዜ ሁለቱም አልተናገሩም።

ሞኝ እንኳ ሲመክሩት ይለቅ ይሆናል። እኔ የሞላሁት ወረቀት ግን ዛሬም ፋይሉ ውስጥ አለ። ልብ ይስጠን።