ያገለገለ የመርጫ ጭምብል ወደ ቤት አይግባ

የተባይ ማጥፊያ መድኃኒት አዝመራን የሚያድነውን ያህል፣ አያያዙ ከተበላሸ ሰውንና ከብትን የሚጎዳ መርዝ ነው። በ2012 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ በተዛመተበት ጊዜ መድኃኒት በአውሮፕላንም በእጅ መርጫም ተረጭቷል። በዚያው ዓመት መጋቢት 4 ቀን የኮሮና በሽታ በኢትዮጵያ መገኘቱ ከተገለጸ ወዲህ ደግሞ ጭምብል በገጠርም ታውቋል። ስለ አደራረጉ ብዙ ተነግሯል። ካገለገለ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ ግን ተገቢው ትኩረት አልተሰጠውም።

አንድ ጊዜ አገልግሎ የሚጣለው ጭምብል ብናኙን የሚያግደው በራሱ ላይ ይዞ በማስቀረት ነው። በመሆኑም ከሳንባ የተረፈው መርዝ የትም አልሄደም፤ ያለው ጭምብሉ ላይ ነው። ይህንኑ በኪስ ከትቶ ወይም አንገት ላይ አንጠልጥሎ ቤት መግባት፣ መርዙን ለሕፃናት እንደ ማቀበል ይቆጠራል።

ጭምብል ዋጋ ስላለው አጥቦ ደጋግሞ መጠቀም ቁጠባ ነው የሚሉ አይታጡም። ነገር ግን ሲታጠብ የማጣራት ኃይሉ ይዳከማል፤ እጣቢውም ወደ ወንዝ ይወርዳል። በማሳ ዳር ማቃጠል መርዛም ጭስ ያስነሣል። በምንጭ አጠገብ መቅበርም ውሃውን ለብክለት ያጋልጣል። ከዚህም ሌላ ይህ ዓይነቱ ጭምብል ብናኝ እንጂ ተን አያግድም። ተን ለሚያወጣ መድኃኒት ማጣሪያው የሚለወጥ የላስቲክ መሸፈኛ ያስፈልጋል፤ ያለቀው ማጣሪያም ከጭምብሉ እኩል መጠንቀቅን ይጠይቃል።

ረጪው ሥራውን እንደ ጨረሰ ከተረጨው ማሳ ወጥቶ፣ ነፋሱ መድኃኒቱን በማያመጣበት በኩል ይቁም። ጓንቱን ሳያወልቅ በውሃና በሳሙና ይጠብ። የጭምብሉን ፊት ሳይነካ በማሰሪያው ይዞ፣ በመጀመሪያ የታችኛውን ቀጥሎም የላይኛውን አውልቆ በላስቲክ ከረጢት ውስጥ ይክተትና አጥብቆ ይሠር። በመጨረሻም ጓንቱን አውልቆ እጁንና ፊቱን በሳሙና ይታጠብ። ይህን ሳይፈጽም እህል ውሃ መቅመስም ሆነ ማጨስ አይገባውም።

ይሁን እንጂ ኃላፊነቱ በረጪው ላይ ብቻ ሊጣል አይገባም። መድኃኒት የሚያከፋፍል የገበሬ ማኅበር ያገለገለውን ጭምብል የመሰብሰብም ግዴታ አለበት። ለዚህም ክዳን ያለውና «መርዝ» የሚል ጽሑፍ የተጻፈበት በርሜል፣ ከእህልና ከመኖ ርቆ በሚቆለፍ ቤት ሊቀመጥ ይገባል። አንድ ኃላፊ ተመድቦም የወጣውንና የተመለሰውን በመዝገብ ይያዝ፤ አሮጌውን ላልመለሰ ረጪ አዲስ አይሰጠው። የተጠራቀመው እንዴት እንደሚወገድም ከወረዳው የግብርና ባለሙያ ጋር አስቀድሞ መመካከር ያሻል።

ይህ ሁሉ ከአንድ በርሜልና ከአንድ መዝገብ የበለጠ ወጪ አይጠይቅም። የማኅበራት መሪዎች ከመጪው የርጭት ወቅት በፊት በስብሰባቸው ተወያይተው ሊወስኑበት ይገባል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።