አራሷን እንንከባከባት፤ ከአልጋም እናስነሳት

ጎንደር ውስጥ ሴት ስትወልድ ቤቱ በጠያቂ ይሞላል። ገንፎው ይገነፋል፣ አጥሚቱ ይቀርባል። አራሷ ደግሞ «አትነሺ፣ ብርድ ይመታሻል» እየተባለች በጋቢ ተጠቅልላ ትተኛለች። ወደ ዳባትና ደባርቅ ሲወጣ ብርዱ ስለሚጠነክር ከአልጋ መውረዱ የባሰ ይከብዳል። ይህ እንክብካቤ የሚያኮራ ባህላችን ነው። ሆኖም አንድ ነገር ሊስተካከል ይገባዋል፤ ለብዙ ቀናት ሳይንቀሳቀሱ መተኛት ደምን ሊያረጋ ይችላል።

ከእግራችን ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ሽቅብ የሚጓዘው ስንራመድ የባት ጡንቻ እየጨመቀ ስለሚገፋው ነው። ስንተኛ ፍሰቱ ይዘገያል። ለደም መርጋት ዋነኛ የሚባሉት ምክንያቶች ሦስት ናቸው፦ የፍሰት መዘግየት፣ የደም ሥር መጎዳትና የደሙ ለመርጋት መፍጠን። አራስ ላይ ሦስቱም ይገናኛሉ። ተፈጥሮ በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም እንዳይፈስ ደሟን ለመርጋት ታዘጋጀዋለች፤ ወሊዱ፣ በተለይ በቀዶ ጥገና ከሆነ፣ የደም ሥሮችን ይጎዳል፤ መተኛቱ ይጨመርበታል። እግር ውስጥ የረጋው ደም ተቆርሶ በልብ በኩል ወደ ሳንባ ሄዶ የደም ሥር ሲዘጋ ትንፋሽ ያጥራል። ትልቅ ከሆነ በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ይችላል። ከተረፉትም መካከል ትንፋሽ ማጠርና የእግር እብጠት ለረጅም ጊዜ የሚያስቸግራቸው አሉ።

ነፍሰ ጡር ሴት ደም የሚረጋባት ዕድል ካላረገዘች ሴት ከ4 እስከ 5 እጥፍ ይበልጣል። ከወሊድ በኋላ ባሉት 6 ሳምንታት ደግሞ አደጋው ከእርግዝናውም ጊዜ የበረታ ነው። እናቶቻችን «የአራስ መቃብር እስከ 40 ቀን ክፍት ነው» ሲሉ የኖሩት በከንቱ አልነበረም።

ችግሩ ሀብትና ዝና አይመርጥም። የቴኒስ ኮከቧ ሴሬና ዊሊያምስ በ2017 እ.ኤ.አ. ሴት ልጇን በቀዶ ጥገና በወለደች ማግስት ትንፋሽ አጠራት። ከዓመታት በፊትም ሳንባዋ ላይ ደም ረግቶባት ስለነበር ወዲያው ጠረጠረች። ነርሷ መጀመሪያ የሕመም ማስታገሻው ያደናገራት መስሏት ነበር። ሴሬና ግን ሲቲ ስካን እንድትነሳ አጥብቃ ጠየቀች፤ ሳንባዋ ውስጥም ትናንሽ የረጋ ደም ተገኘ። ያዳናት ዝም አለማለቷ ነው።

እኛስ ምን እንጠብቅ? አንደኛው እግር ብቻ ካበጠ፣ ባቷን ወይም ጭኗን ካመማት፣ ከሞቀ ወይም ከቀላ ያለ ምርመራ አይታሽ። ወጌሻ ከመጥራት በፊት አልትራሳውንድ ይቅደም። ድንገት ትንፋሽ ካጠራት፣ አየር ስትስብ ደረቷን ከወጋት፣ ልቧ በፍጥነት ከመታ፣ ደም ካሳላት ወይም ራሷን ከሳተች «ምች ነው»፣ «ብርድ ነው»፣ «ደጋው ነው» ብላችሁ አታሳድሯት። ጎንደር ከሆናችሁ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል፣ ደጋው ላይ ከሆናችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ሆስፒታል ወዲያው ውሰዷት።

በጊዜ ከተደረሰበት መድኃኒት አለው። ሕክምናው ብዙ ጊዜ በሄፓሪን መርፌ ይጀመራል፤ ደም ማቅጠኛው ቢያንስ ለ3 ወር ይቀጥላል። ዋርፋሪን የታዘዘላት ሴት የጎመኗን መጠን አንዴ አብዝታ አንዴ ማቆም የለባትም፤ በጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሳል። ለዚህ ነው የደም ምርመራ ክትትሉ መቋረጥ የሌለበት።

መከላከሉ ግን ከሁሉ ይቀላል፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ሐኪሙ እንደፈቀደላት ተነስታ ቤት ውስጥ ትራመድ። ስትተኛም ቁርጭምጭሚቷን ታንቀሳቅስ፤ ውኃ በደንብ ትጠጣ። በቤተሰቡ ደም የረጋበት ሰው ካለ ለሐኪሟ ትንገር። የወሊድ መከላከያ እንክብል ከመጀመሯ በፊትም ታማክር። በመኪና ረጅም መንገድ የምትጓዝ ከሆነ በየመሀሉ ወርዳ እግሯን ታፍታታ።

የማርኬቲንግ ሰው በመሆኔ ረጅም መልእክት ማሳጠር ልማዴ ነው። ይህንንም ላሳጥረው፦ በሚቀጥለው አራስ ጥየቃችሁ ገንፎውን ካበላችኋት በኋላ «ተኚ» ከማለት ይልቅ እጇን ይዛችሁ «ነይ፣ እስከ በረንዳው እንሂድ» በሏት።