ፊኛ በየቀኑ ልኩን ሲቀይር

ባለፈው ጥቅምት አንድ ማታ ከአምቦ ስልክ ተደወለልኝ። አጎቴ ነበሩ፤ ቤተሰቡ ሁሉ «ጋሼ» የሚላቸው። «እህትሽ እንዳትሰማ» ብለው ጀመሩ። «ሽንቴ ደም ቀላቅሏል። ግን አያመኝም።» ነገሩ ከፋሲካ ወዲህ ሦስት ጊዜ ታይቷል። አንዴ ክኒን ተሰጥቷቸው ደሙ ሲቆም ድኛለሁ ብለው ተቀመጡ።

እባካችሁ እዚህ ላይ ቆም በሉ። ሕመም የሌለው የሽንት ደም የፊኛ ካንሰር ዋነኛ ምልክት ነው። መጥቶ መሄዱ ያታልላል። ሴቶች ደግሞ የወር አበባ ወይም ኢንፌክሽን እየመሰላቸው ያልፉታል። ደም ያየ ሁሉ ካንሰር አለበት ማለት አይደለም፤ ጠጠርም ሊሆን ይችላል። መመርመር ግን ግድ ነው፤ በተለይ ፊኛን በቀጭን ካሜራ ከውስጥ በሚያየው ሲስቶስኮፒ።

ጋሼ ከጉደር አዲስ አበባ ሲመላለሱ የኖሩ ሹፌር ናቸው፤ ሲጋራም ከእጃቸው አይጠፋም ነበር። የዚህ ካንሰር ትልቁ መንስኤ ሲጋራ ነው። እኔ ሳንባን ብቻ የሚጎዳ ይመስለኝ ነበር። ለካ ከጭሱ ወደ ደም የሚገባው መርዝ በኩላሊት ተጣርቶ ፊኛ ውስጥ ሰዓታት ይቀመጣል። ሌላም መንስኤ አለ፤ የሽንት ቢልሃርዝያ። ከእኛው ከጊንጪ አካባቢ የሚነሳው አዋሽ ወደ አፋር ቆላ ሲወርድ ይህ በሽታ በዳርቻው ይገኛል።

የጋሼ ካንሰር የፊኛውን ጡንቻ ነክቶ ነበር። ሁለት መንገድ ቀረበላቸው። አንዱ ፊኛውን ማውጣትና ሽንትን በሆድ በኩል በከረጢት መቀበል ነው። ሌላው ዕጢውን ከውስጥ ፍቆ ካወጡ በኋላ ጨረርና ኬሞቴራፒ አብሮ መስጠት። ሁለተኛው ለሁሉም ሕመምተኛ አይሆንም፤ ለጋሼ ግን ይሆናል ተባለ። «ከረጢት ተሸክሜ ለቅሶ ቤት አልቀመጥም» አሉ፤ ምርጫው በዚያው አለቀ።

የጨረሩ ችግር በስሙ ውስጥ አለ፤ ፊኛ ነው። ይነፋል፣ ይሟሽሻል። ታካሚው ሸንቶ ቢገባ እንኳ የሰኞውና የማክሰኞው መጠን አንድ አይሆንም፤ የአንጀት ጋዝም ይገፋዋል። በአንድ ቋሚ ፕላን ከተሠራ ካንሰሩ እንዳያመልጥ ሲባል ዙሪያውን ሰፋ አድርጎ መተኮስ ያስፈልጋል፤ ጤነኛው አንጀትም አብሮ ይመታል። እኔ በማርኬቲንግ ሥራዬ የዓመት ፕላን አውጥቼ በሁለተኛው ወር የምቀድድ ሰው ስለሆንኩ ይህ ወዲያው ገባኝ።

በሌላው ዓለም እየተስፋፋ ያለው ዘዴ ፕላኑን ከዕለቱ ፊኛ ጋር ያስተካክላል። ለአንድ ታካሚ አስቀድሞ ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ ፕላን ይዘጋጃል። በየቀኑ ከጨረሩ በፊት ማሽኑ ላይ እንደተኛ በሲቲ ይታይና ለዚያ ቀን የሚስማማው ይመረጣል። አዳዲሶቹ ማሽኖች እዚያው በደቂቃዎች ውስጥ አዲስ ፕላን ይሠራሉ። ይህ ማሽን ብቻ ሳይሆን ምስሉን አይቶ ወዲያው የሚወስን የሠለጠነ ባለሙያ ይጠይቃል።

በአገራችን ለብዙ ዓመታት ብቸኛው የጨረር ማዕከል ጥቁር አንበሳ ነበር፤ በኮባልት ማሽን። ኋላ ጅማና ሐረርም ተጨመሩ። ከአምቦ ለሚመጣ ሰው ግን ትልቁ ጥያቄ ቀኑ ነው። ከተለመዱት አሰጣጦች አንዱ 55 ግሬይ በ20 ቀን፣ ቅዳሜና እሑድ እየታረፈ፣ 4 ሳምንት ነው። ከአምቦ አዲስ አበባ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ እየተመላለሱ እንጨርስ ቢባል ከ4,400 ኪሎ ሜትር ያልፋል። በእንግሊዝ ሃይብሪድ የተባለው ጥናት የዕለት ጨረር ለሚከብዳቸው ሰዎች በሳምንት አንዴ፣ በጠቅላላው 6 ጊዜ፣ ፕላኑን ከፊኛው ጋር እያስተካከሉ መስጠትን ሞክሯል። ለጊንጪና ለጌዶ ሰው 6 ጊዜና 20 ጊዜ ምን ያህል እንደሚራራቁ አስቡት።

የእኛ ግን 20 ነው። ጋሼ እኔ ዘንድ ያርፋሉ። የመጀመሪያው ሳምንት የእኔ፣ ሁለተኛው የእህቴ፣ ቀሪው የልጆቻቸው ተራ ነው፤ የታክሲውን ሁላችንም እናዋጣለን። ትናንት ሐኪማቸውን የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «አምቦ ውሃ መጠጣት እችላለሁ?» ሐኪሙ ስቆ፣ «ማሽኑ ላይ ከመውጣትዎ በፊት ሽንት ቤት ይግቡ እንጂ» አላቸው። ሰኞ ይጀምራሉ።