«አይቻልም» የሚለው መልእክት ልክ ነው

ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ሥርዓት 12ኛው እትም እ.ኤ.አ. በጁን 2023 ከወጣ ወዲህ ብዙ ፕሮግራመሮች አንድ የሚያናድድ መልእክት ለምደዋል። «ፒፕ ኢንስቶል» ብለው የፓይተን ሞጁል በቀጥታ በሥርዓቱ ላይ ሊጭኑ ሲሉ ማሽኑ እምቢ ይላል። «ይህን ቦታ የሚያስተዳድረው ሌላ ነው፣ እጅህን አታስገባ» እንደ ማለት ነው። አሻፈረኝ ላለ ሰው ማለፊያ ትእዛዝ አለች፤ ስሟ ወደ አማርኛ ቢመለስ «የሥርዓቱን ፓኬጆች ስበር» ማለት ነው። ብዙው ሰው ይህችን ትእዛዝ ከኢንተርኔት ቀድቶ ይለጥፋል፣ ሥራው ይሄድለታል፣ ነገሩም በዚያው ይረሳል።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ክልከላው ልክ ነው። ይህ የኮምፒውተር ሰዎች ብቻ ጉዳይ የሚመስለው አንባቢ ጥቂት ይታገሰኝ። ደመወዙ የሚገባበት ባንክም፣ ፋይሉ የተቀመጠበት መሥሪያ ቤትም በሰርቨር ነው የሚሠራው። ሰርቨሩ ላይ ምን እንደተጫነ፣ ማን እንዳየው፣ ሲበላሽ ማን እንደሚጠግነው ማወቅ የሁላችንም ጉዳይ ነው።

አንድ የፓይተን ሞጁል ወደ ሰርቨር የሚገባባቸው ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። አንደኛው ፓይፒአይ ከተባለው የጋራ ማከማቻ በቀጥታ መሳብ ነው። እዚያ ማንም አካውንት ከፍቶ ሥራውን መጫን ይችላል፤ ከመውጣቱ በፊት ቁጭ ብሎ የሚያነበው ሰው የለም። ሁለተኛው መንገድ እንደ ዴቢያን ያሉ ሥርዓቶች ፓኬጅ አዘጋጆች ያለፉበት ነው። እነዚህ አዘጋጆች አብዛኞቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ስማቸውን የሚያውቅ የለም፣ ሥራቸው የሚታወሰው ሲሳሳቱ ነው።

ሥራቸው ምንድን ነው? «ሪኩዌስትስ» የተባለውን ሞጁል እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ነው፤ የፓይተን ፕሮግራም ከድረ ገጽ ጋር የሚነጋገርበት ሲሆን ያልተጠቀመበት ፕሮግራመር ማግኘት ይከብዳል። ይህን ሞጁል ወደ ዴቢያን የሚያስገባ ሰው መጀመሪያ የእያንዳንዱን ፋይል ፈቃድ ያጣራል፤ ማን ጻፈው፣ በምን ውል ይሰራጫል ብሎ ይመዘግባል። ቀጥሎ ሞጁሉ በሆዱ የያዘውን ይመረምራል። ሪኩዌስትስ ለዓመታት «ዩአርኤልሊብ3» የተባለ ሌላ ሞጁል ቅጂ በውስጡ ይዞ ይዞር ነበር። የዴቢያን ሰዎች ያንን ቅጂ አውጥተው ሞጁሉ በሥርዓቱ ያለውን አንዱን እንዲጠቀም አደረጉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። አንድ ክፍተት ቢገኝ አንድ ቦታ ደፍነህ ትጨርሳለህ። ቅጂው በሃምሳ ፕሮግራም ሆድ ውስጥ ተደብቆ ከሆነ ግን ሃምሳ ቦታ መፈለግ አለብህ፤ አርባ ዘጠኙን አግኝተህ አንዷ ብታመልጥህ በሩ ክፍት ነው።

ሦስተኛው የሰርተፍኬት ጉዳይ ነው። ፕሮግራሙ «ይህ ድረ ገጽ እውነተኛው ነው» ብሎ የሚያምነው በአንድ የታማኝ ድርጅቶች ዝርዝር ተመርኩዞ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ዲጂኖታር የተባለው የኔዘርላንድ ሰርተፍኬት ሰጪ ተሰብሮ ከ500 በላይ ሐሰተኛ ሰርተፍኬቶች በስሙ ወጡ፤ የኢራን ዜጎች የጂሜይል ልውውጥ ለመሰለልም ዋሉ። ያኔ ትክክለኛው እርምጃ ዲጂኖታርን ከዝርዝሩ መሰረዝ ነበር። ነገር ግን እያንዳንዱ ሞጁል የየራሱን ዝርዝር ይዞ የሚዞር ከሆነ ስንቱ ዘንድ ሄደህ ትሰርዛለህ? ዴቢያን ሪኩዌስትስ የሚመካበትን ሞጁል አስተካክሎ የሥርዓቱን አንድ ዝርዝር እንዲያነብ ያደረገው በዚህ ምክንያት ነው።

አራተኛው ሙከራ ነው። ፓኬጁ የሚገነባው ኢንተርኔት በሌለበት ነው፤ ደንቡ ያስገድዳል። የኔትወርክ ሞጁል ሆኖ ኢንተርኔት አጥቶ መሞከር ያስቃል፤ አዘጋጁ ግን ሙከራዎቹ እዚያው ማሽን ላይ ከሚነሳ ትንሽ ሰርቨር ጋር እንዲነጋገሩ ያደርጋል፣ የማይሆኑትን እየለየ ያስቀራል። ትርፉ ትልቅ ነው፦ በግንባታ ሰዓት ከውጭ ምንም ነገር ተደብቆ አይገባም።

አሁን የሌላኛውን መንገድ ዋጋ እንይ። እ.ኤ.አ. በሜይ 2022 «ሲቲኤክስ» የተባለ ለዓመታት ያልተነካ ሞጁል በፓይፒአይ ላይ ተጠለፈ። ጠላፊው የባለቤቱ ኢሜይል ይሠራበት የነበረውን፣ ጊዜው ያለፈ የድረ ገጽ ስም ገዛ፤ የይለፍ ቃሉን ቀየረ፤ የሰርቨር ምስጢሮችን የሚሰርቅ አዲስ እትም ጫነ። በዚያ ሰዓት ሞጁሉን በቀጥታ የሳበ ሰው ቁልፉን ለሌባ አስረከበ። በመካከል አይቶ «ቆይ» የሚል ሰው አልነበረም።

«ፓኬጅ አዘጋጆችስ መላእክት ናቸው ወይ?» የሚል ይኖራል። አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2006 አንድ የዴቢያን አዘጋጅ ኦፕንኤስኤስኤል ውስጥ ጥቂት መስመሮች ከሥራ ውጭ በማድረጉ፣ ለሁለት ዓመት ያህል በዴቢያን የተፈጠሩ ምስጢራዊ ቁልፎች ከ33 ሺህ ባነሱ አማራጮች ተወስነው ቆዩ፤ ለኮምፒውተር ይህ የደቂቃዎች ግምት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ኤክስዜድ በተባለው የማመቂያ ፕሮግራም ውስጥ የተቀበረው ስውር በር የዴቢያን መሞከሪያ ክፍል ድረስ ደርሶ ነበር። ያገኘው አንድሬስ ፍሩንድ የተባለ መሐንዲስ ነው፤ መግቢያው በግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ከንክኖት ነው የመረመረው። ሆኖም አንድ ነገር እናስተውል፦ ስውሩ በር የተረጋጋው ዋና እትም ውስጥ አልገባም። ብዙዎች የሚያማርሩበት የዴቢያን ዝግታ ያን ጊዜ ሰርቨሮችን አዳነ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው በከንቱ አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ «የዴቢያን ሞጁሎች ያረጁ ናቸው፣ እኔ አዲሱ ያስፈልገኛል» የሚል ነው። እውነት ነው፣ አንዳንዴ ያስፈልጋል። መፍትሔው ግን ሥርዓቱን መስበር አይደለም። ለፕሮጀክቱ ለብቻው የተከለለ የፓይተን ክፍል መክፈት ይቻላል፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እዚያ የሚገባውን ሞጁል እትሙን ቆልፎ፣ ማንነቱን በአሻራው አረጋግጦ መያዝ ደግሞ የባለሙያ ወግ ነው።

ይህ ለእኛ ምን ያገባናል? እ.ኤ.አ. በ2024 የአምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች መርሐ ግብር በተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ትብብር ተጀምሯል። ኮድ መጻፍ የሚማር ወጣት መብዛቱ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ኮድ መጻፍ የሥራው ግማሽ ነው። የተጻፈውን መጠበቅ፣ ማደስ፣ ምን በምን ላይ እንደቆመ ማወቅ ሌላው ግማሽ ነው፤ እሱን የሚያስተምር ግን ጥቂት ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እላለሁ። አስተማሪዎች ሆይ፣ «ፒፕ ኢንስቶል»ን ስታስተምሩ ሞጁሉ ከየት እንደሚመጣና ማን እንዳየው አብራችሁ አስተምሩ። የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች፣ ሰርቨራችሁ ላይ ያሉትን ሞጁሎች ዝርዝር ነገ ጠይቁ፤ ሊሰጣችሁ የሚችል ሰው ከሌለ አደጋው እሱ ራሱ ነው። ወጣት ፕሮግራመሮች፣ አንድ የምትወዱትን ሞጁል መርጣችሁ በፓኬጅ ዝግጅቱ እርዱ፤ ስህተት ሪፖርት አድርጉ፣ ሙከራ አስተካክሉ። የዓለምን ባለሙያዎች አብሮ ከመሥራት የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም፤ ክፍያም አይጠይቅም።

ማሽኑ «አይቻልም» ሲል ከጀርባው ደክሞ የሠራ ሰው አለ። ከማለፋችን በፊት ምን ሊነግረን እንደፈለገ እናንብብ።