መስቀልን መሸከም እና መስቀልን መተወን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የካቲት 11 ቀን 1988 ዓ.ም. ሰኞ ዕለት ነበር። በቤተ ክርስቲያናችን ባሕረ ሐሳብ ያ ሰኞ የዐቢይ ጾም መግቢያ ነው፤ በዓለ ትንሣኤ በዚያ ዓመት ሚያዝያ 6 ቀን ውሏልና። በዋዜማው እሑድ ሊቃውንቱ ከልዑል ማደሪያው ወደ እኛ ስለ ወረደው አምላክ ዘምረው፣ ጾመኛው ሕዝብ ወደ ሱባኤው ገብቷል። በዚያው ሰኞ ምሽት፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 19 ፌብሩዋሪ 1996፣ በለንደን ኧርልስ ኮርት በተባለው አዳራሽ የብሪታንያ የሙዚቃ ሽልማት የሆነው ብሪት አዋርድስ ሥነ ሥርዐት ይካሄድ ነበር። በመድረኩ ላይ የሆነው ነገር ግን ከሙዚቃ ያለፈ ጥያቄ አስነሣ። ዘመናት ካለፉም በኋላ ምስሉ በማኅበራዊ መገናኛዎች እየተዘዋወረ፣ ተመልካቹን እስከ ዛሬ በሁለት ወገን ከፍሎ ያከራክራል።

ነገሩ የሌሎች አገር፣ የሌሎች መድረክ ጉዳይ መስሎ ሊታየን ይችላል። ነገር ግን የክርስቶስ መስቀል የተነሣበት ክርክር ለክርስቲያን ባዕድ ሊሆን አይችልም። በዚያ ላይ በዚያ መድረክ ከቆሙት መካከል ሁለቱ ስማቸው ከአገራችን የመከራ ዘመን ጋር የተያያዘ ነው።

የሆነው ምን ነበር?

አሜሪካዊው ማይክል ጃክሰን በዚያ ምሽት የትውልዱ አርቲስት የሚል ልዩ ሽልማት ተሰጠው። ሽልማቱን ያበረከተለት አየርላንዳዊው ቦብ ጌልዶፍ ነበር። ጃክሰንም በዚያ ሰሞን በብሪታንያ እጅግ ተወዳጅ የሆነውን ‹ኧርዝ ሶንግ› የተባለውን ዘፈኑን አቀረበ። ዘፈኑ ስለ ተጎዳችው ምድር፣ ስለ ጦርነትና ስለሚጠፉት እንስሳት የሚያለቅስ ነው። አቀራረቡ ግን ከልቅሶ አልፎ ሄደ። ዘፋኙ በክሬን ከሕዝቡ በላይ ከፍ ከፍ አለ። የላይ ልብሱን አውልቆ በነጭ ልብስ ታየ፤ እጆቹንም እንደ ተሰቀለ ሰው ዘርግቶ በብርሃን መካከል ቆመ። ሕፃናትና የተጎሳቆሉ ሰዎችን የሚወክሉ ተዋንያን፣ በአይሁድ መምህር አምሳል የለበሰ ሰውም ሳይቀር፣ ወደ እርሱ እየቀረቡ ፈውስና በረከት እንደሚቀበል ሰው ተቀበሉት።

ይህን ከታዳሚዎች መካከል ሆኖ ያይ የነበረው ጃርቪስ ኮከር፣ ፐልፕ የተባለው የእንግሊዝ የሙዚቃ ቡድን ድምፃዊ፣ ከመቀመጫው ተነሥቶ ወደ መድረኩ ሮጠ። ሸሚዙን ገለብ አድርጎ፣ ጀርባውን ሰጥቶ አሾፈ፤ ጥበቃዎችም አባረሩት። በኋላ ስለ ድርጊቱ ሲጠየቅ ዘፋኙ ራሱን የመፈወስ ኃይል እንዳለው እንደ ክርስቶስ ማየቱን ለመቃወም ያደረገው መሆኑን ተናገረ። ጃክሰንም በበኩሉ በሆነው ነገር እጅግ ማዘኑንና መቈጣቱን አሳወቀ።

ውለታን ሳንዘነጋ

ከመፍረዳችን አስቀድሞ ልናስበው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በ1977 ዓ.ም. በአገራችን ወሎና ትግራይ፣ በሌሎችም ክፍለ ሀገራት ረኀብ ሕዝባችንን ሲያረግፍ፣ ቦብ ጌልዶፍ የአገሩንና የብሪታንያን ዘፋኞች ሰብስቦ ለረኀብተኛው ገንዘብ የሚያስገኝ ዘፈን አሳተመ። በዚያው ዓመት ጥር ወር ማይክል ጃክሰን ከላዮኔል ሪቺ ጋር የደረሰውን ‹ዊ አር ዘ ወርልድ› የተባለ ዘፈን ከ40 የሚበልጡ የአሜሪካ ድምፃውያን በአንድ ሌሊት ተሰብስበው ቀረጹት። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ደግሞ ጌልዶፍ ከሙዚቀኛው ሚጅ ዩር ጋር ያዘጋጀው ‹ላይቭ ኤይድ› በለንደንና በፊላደልፊያ ተካሄደ።

ከዚያ የተገኘው እህልና መድኃኒት የደረሰላቸው ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ‹የበላበትን ወጪት ሰባሪ› መባል ለኢትዮጵያዊ ነውር፣ ለክርስቲያን ደግሞ ኀጢአት ነው። ስለዚህ ስለ ማይክል ጃክሰን ስንናገር ለተራበው ወገናችን ስለ አዘነ ሰው እንደምንናገር ልንረሳ አይገባም። ነፍሱን የሚመረምር እግዚአብሔር ብቻ ነው። እኛ የምንመረምረው በመድረክ የታየውን ሥራ ነው።

ደግሞም ውለታውና ስሕተቱ አንድ ትምህርት ያስተምሩናል። በ1977ቱ ቀረጻ ዘፋኙ ከብዙዎች መካከል አንዱ ሆኖ ቆመ፤ የዓለምን ዐይን ወደ ራበው ሰው አዞረ። በ1988ቱ መድረክ ግን የተራበውና የተጎሳቆለው ሰው ራሱ ወደ ዘፋኙ የሚያይ ተዋናይ ሆነ። ርኅራኄው ያው ሊሆን ይችላል፤ የዐይን አቅጣጫ ግን ተለወጠ። መልካም ሥራ ሁሉ የሚፈተነው በዚህ ነው።

ወደ ላይ መውጣት እና ወደ ታች መውረድ

‹ስለ ምድር መከራ ማልቀስ ምን ክፋት አለው? እጅን መዘርጋትስ ጸሎት አይደለምን?› የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ሐዋርያው ፍጥረት ሁሉ በምጥ እንደሚቃትት አስተምሯል (ሮሜ 8፥22)። ሙሴም እስራኤል ከዐማሌቅ ጋር ሲዋጉ እጆቹን ዘርግቶ ጸልዮአል (ዘጸ. 17፥11)። ካህኑም በመሠዊያው ፊት እጆቹን ይዘረጋል። የተዘረጋ እጅ በራሱ ነውር የለበትም፤ ለምኖ የሚቀበል ሰው እጅ ነውና። በዚያ መድረክ የተዘረጋው እጅ ግን የለማኝ ሳይሆን የሰጪ፣ የሚድን ሳይሆን የአዳኝ ሆኖ ቀረበ። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ሐዋርያት ይህ ፈተና በእውነት ገጥሟቸው ነበር። በልስጥራን ሽባው በተፈወሰ ጊዜ ሕዝቡ ጳውሎስንና በርናባስን አማልክት ናቸው ብሎ መሥዋዕት ሊያቀርብላቸው ተነሣ። እነርሱ ግን ልብሳቸውን ቀድደው እንደ ሕዝቡ ሰዎች መሆናቸውን እየጮኹ ወደ መካከል ሮጡ (ሐዋ. 14፥8-18)። ቅዱስ ጴጥሮስም ቆርኔሌዎስ ከእግሩ በታች በወደቀ ጊዜ ራሱም ሰው መሆኑን ነግሮ አስነሣው (ሐዋ. 10፥25-26)። ሄሮድስ ግን የሕዝቡን ውዳሴ ዝም ብሎ ተቀበለ፤ ለእግዚአብሔርም ክብር ባለመስጠቱ ተቀሠፈ (ሐዋ. 12፥21-23)። ፈውስ በእጃቸው የተደረገ ሐዋርያት ስግደትን ከሸሹ፣ ፈውስን በመድረክ የሚተውን ሰው ምን ያህል ሊሸሽ ይገባው ነበር!

የሐዋርያት ራስን ዝቅ ማድረግ ምንጩ የጌታችን መውረድ ነው። እርሱ አምላክ ሲሆን የባሪያን መልክ ይዞ ራሱን አዋረደ፤ ለመስቀል ሞትም ታዘዘ (ፊልጵ. 2፥6-8)። የመስቀል ክብር ከመውረድ የተገኘ እንጂ ራስን ከፍ ከማድረግ የመጣ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ‹ዘወረደ› ብላ በጾመችበት ዕለት አንድ ሰው በክሬን ወደ ላይ ተነሥቶ የመስቀሉን መልክ መያዙ የቀን መግጠም ብቻ ነው፤ ለሚያስተውል ግን ሁለቱን መንገዶች ጎን ለጎን አስቀምጦ ያሳያል። መስቀሉን የተሸከመ ሰው ደም፣ ድካምና ስድብ ያገኘዋል። መስቀሉን የተወነ ሰው ግን ብርሃንና ጭብጨባ ይቀበላል።

ስለዚህም ነው በዕለተ ስቅለት በቤተ ክርስቲያናችን ሁሉ ሰጋጅ የሚሆነው። ፓትርያርኩ ይሰግዳሉ፤ ካህኑ ይሰግዳል፤ ሕፃኑም አረጋዊውም ግንባሩን መሬት ያስነካል። የተሰቀለው አንድ ነው፤ የእኛ ሁላችን ቦታ ከመስቀሉ በታች ነው።

ቅንዓት እና ፌዝ

እንግዲያስ ጃርቪስ ኮከር ትክክል ነበርን? ብዙዎች በዘመኑ አወድሰውታል። ያየው ነገር እውነት ነበር፤ በዚያ አዳራሽ ከነበሩት ሺሕዎች መካከል ነገሩ ልክ አይደለም ብሎ የተነሣው እርሱና አንድ አብሮት የነበረ ሰው ናቸው። የክርስቶስ ስም የሚጠራባቸው ሰዎች ዝም ሲሉ ድንጋዮች እንደሚናገሩ ጌታችን አስተምሯል (ሉቃ. 19፥40)። ዓለማዊ ዘፋኝ ያየውን እኛ አማኞቹ ሳናይ ብንቀር ወቀሳው በእኛ ላይ ይመለሳል።

ነገር ግን እውነትን ማየትና እውነትን መመስከር ይለያያሉ። በምኵራብ ሳምንት የምናስበው ጌታችን ሻጮችንና ለዋጮችን ከቤተ መቅደስ ያስወጣው በፌዝ አልነበረም። ጅራፍ ቢያነሣም የቤቱ ክብር ምን እንደ ሆነ በቃል አስተምሯል (ዮሐ. 2፥13-17)። ተግሣጹ የሚመለሱበትን መንገድ ያሳያል። ፌዝ ግን የተሳሳተውን ያዋርዳል እንጂ አይመልስም፤ የተመልካቹንም ሳቅ ደመወዝ አድርጎ ይቀበላል። በዚያ ምሽት ሕዝቡ ከአንዱ ትርኢት ወደ ሌላው ትርኢት ዐይኑን አዞረ እንጂ ወደ ክርስቶስ አልተመለሰም።

ኖኅ ሰክሮ ዕርቃኑን በሆነ ጊዜ ካም ያየው ነገር እውነት ነበር፤ አባቱ ተራቁቶ ነበርና። ያየውን ግን ወጥቶ አወራ። ሴምና ያፌትም እውነቱን አልካዱም፤ ወደ ኋላ እየሄዱ ሸፈኑት (ዘፍ. 9፥20-23)። ሐዋርያውም የተሳሳተውን በየዋህነት መንፈስ እንድናቀና አዝዞናል (ገላ. 6፥1)። ዛሬ በፌስቡክና በቲክቶክ የሃይማኖት ጠበቃ ነን እያልን የአባቶችንና የወንድሞችን ስሕተት በስድብና በማላገጥ የምናሰራጭ ሁሉ ከሴምና ከካም የማንን መንገድ እንደ ያዝን ራሳችንን እንጠይቅ።

ሳይጣራ የሚፈረድ ፍርድ

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ኮከር በመድረኩ የነበሩ ሕፃናትን ጎድቷል በሚል ተይዞ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ተወሰደ። ቀድሞ የሕግ ባለሙያ የነበረው ኮሜዲያን ቦብ ሞርቲመር አብሮት ቆመ። በአዳራሹ የተቀረጸው ምስል ሲታይ ግን ሕፃናቱን እርሱ እንዳልጎዳ ታወቀ፤ ክስም ሳይመሠረትበት ቀረ። ምስሉ እስኪታይ ድረስ ግን ‹ሕፃናትን የመታ ሰው› የሚል ወሬ ከእርሱ ቀድሞ ተጉዞ ነበር።

የድርጊቱን ነውር አለመውደድ ያላደረገውን ለመጨመር ፈቃድ አይሰጥም። በሐሰት አትመስክር የሚለው ትእዛዝ ለወዳጅ ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ ለማንወደውም ሰው ይሠራል። ያኔ ወሬውን ያሠራጩት ጋዜጦችና ቴሌቪዥኖች ነበሩ፤ ዛሬ ግን ስልክ በእጁ ያለ ሰው ሁሉ አሠራጭ ነው። ሳናጣራ ያጋራነው ወሬ በኋላ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ፣ የሰማው ሁሉ ጋር ደርሰን መመለስ አንችልም።

ለእኛ መድረክስ?

በሌላው መድረክ ላይ ያየነው ወደ ራሳችን ሊመልሰን ይገባል። ማኅቶት ከሚበራበት ዐውደ ምሕረት ይልቅ በባለቀለም መብራትና በጢስ የተሞላ መድረክ የሚናፍቅ አገልጋይ አልበዛምን? የጉባኤ ማስታወቂያ ሲለጠፍ የዘማሪው ፎቶግራፍ ከጻድቁ ሥዕል በልጦ አይታይምን? ‹አድናቂህ ነኝ› የሚለውን ቃል ከምእመን አፍ ሰምተን ልባችን አልሞቀምን? ፈውስን በእጄ ይዣለሁ እያሉ ሕዝቡን ወደ ራሳቸው የሚስቡትንስ በየጊዜው አላየንምን?

አባቶቻችን ይህን ፈተና ዐውቀው ሥርዐቱን ሠርተውታል። በቅኔ ማኅሌት ሊቃውንቱ በግራና በቀኝ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ መቋሚያው፣ ጸናጽሉና ከበሮው እኩል ይነሣል፣ እኩል ይወርዳል። አንዱ ሲመራ ሌላው ይቀበለዋል፤ ማንም ብቻውን ለሕዝብ ዐይን አይቆምም። የዜማው አባት ቅዱስ ያሬድም በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር የንጉሡ ጦር እግሩን ወግቶት ሳለ ዘማሪውም ንጉሡም በተመስጦ ሆነው እንዳላወቁት ይተረካል። ዘማሪው ራሱን ረሳ፤ ሰሚውም ዘማሪውን ረሳ፤ የሁለቱም ልብ ወደ እግዚአብሔር ሄደ። የመንፈሳዊ ዝማሬ መለኪያው ይህ ነው። ከጉባኤው ሲመለስ ምእመኑ በአፉ ይዞት የሚሄደው የማንን ስም ነው?

ማይክል ጃክሰን በ2001 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም አልፏል። የዘፈነላት ምድር ዛሬም ትቃትታለች፤ ያለቀሰላቸው ሕፃናት ዛሬም በየስፍራው ይራባሉ። ለእነርሱ የሚያስፈልገው የአዳኝን መልክ የሚይዝ ሰው አይደለም፤ አዳኙ አንድ ጊዜ ወርዷል፤ መስቀሉንም በእውነት ተሸክሟል። የእኛ ድርሻ የተራበውን ማብላት፣ የተሳሳተውን በፍቅር ማቅናት፣ ከተሰበሰበው ሕዝብ ፊትም መጥምቁ ዮሐንስ እንዳደረገው ዞር ብሎ እርሱን ማሳየት ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።