ስለ አንድ የወርቅ ጫማ

በትምህርት ቤታችን ሜዳ ዳር ቆሞ ስለ እግር ኳስ የማይከራከር ተማሪ ጥቂት ነው። በዚህ ዓመት በዕረፍት ሰዓት ከተነሡት ክርክሮች አንዱ፥ በአውሮፓ ብዙ ጎል ላገባ ተጫዋች በየዓመቱ የሚሰጠውን የወርቅ ጫማ የሚመለከት ነበር። ከጓደኞቼ አንዱ በ1987 (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ጫማውን የተሸለመውን ሩማንያዊ ሮዲዮን ከመታሩን «የስጦታ ጎል ንጉሥ» ብሎ ጠራው። ሁላችንም ሣቅን። እኔም ሣቅሁ፤ ወደ ቤቴ ስመለስ ግን ሣቁ ከጉሮሮዬ አልወርድ አለኝ። ምክንያቱን ወደ ኋላ እገልጻለሁ፤ አስቀድሜ ስለ ሰውየው ልናገር።

ከመታሩ በ1958 በደቡብ ምዕራብ ሩማንያ ስትረሃያ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አካሉ ግዙፍ፥ ትከሻው ሰፊ ነበር፤ ከክንፍ የተሻማን ኳስ በቴስታ ወደ መረብ መላክ ዋና ሙያው ሆነ። ዕድሜው ሃያ ሳይሞላ ኡኒቨርሲታቴያ ክራዮቫ ለሚባለው ክለብ መጫወት ጀመረ፤ በዚያም እስከ 1986 ድረስ ቈየ። ይህ ክለብ ከዋና ከተማው ከቡካሬስት ርቆ የሚገኝና ስሙም ከዩኒቨርሲቲ የተወሰደ ስለ ሆነ፥ ለእኛ ለተማሪዎች ልባችን ወደ እርሱ ቢያደላ አያስደንቅም። የጦር ሠራዊቱና የአገር ግዛት ሚኒስቴሩ ክለቦች ኀይለኞች በነበሩበት አገር፥ ክራዮቫ በ1980ና በ1981 የሩማንያ ሻምፒዮን ሆነ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ የ1982/83ቱ የዩኤፋ ዋንጫ ጉዞአቸው ነው። ከመታሩ፥ ኢሊዬ ባላቺና ጓደኞቻቸው መጀመሪያ የኢጣልያን ፊዮረንቲና አሰናበቱ፤ ቀጥሎም የፈረንሳይን ቦርዶ፥ የምዕራብ ጀርመንን ካይዘርስላውተርን ጥለው ለግማሽ ፍጻሜ ደረሱ። በዚያም የፖርቱጋል ቤንፊካ ገጠማቸው። በሊዝቦን ያለ ጎል፥ በክራዮቫ ደግሞ አንድ ለአንድ ተለያዩ። ነገር ግን በዚያን ጊዜ በነበረው ሕግ በሰው አገር የገባ ጎል ብልጫ ስለ ነበረው ቤንፊካ አለፈ። ከቤንፊካ ጋር በተደረጉት ሁለት ጨዋታዎች ያልተሸነፈ ቡድን ከውድድር ወጣ ማለት ነው። ይህን ባነበብሁ ቍጥር እናደዳለሁ፤ ዕድሜዬ ያን ጊዜ ለመኖር ባይደርስም እንኳ።

በ1984ም የሩማንያ ብሔራዊ ቡድን የ1982ቱን የዓለም ሻምፒዮን ኢጣልያን በማጣሪያው ቀድሞ ፈረንሳይ ላይ ለተደረገው የአውሮፓ ዋንጫ ሲያልፍ፥ ከመታሩ ከአጥቂዎቹ አንዱ ነበር። ለአገሩ ከ70 ጊዜ በላይ ተሰልፎ ከ20 በላይ ጎል አግብቷል። እንግዲህ ይህ ሰው ኳስ የማያውቅ፥ ጎል የሚለመንለት ሰው አልነበረም። ጓደኞቼ ይህን ቢያውቁ ኖሮ የሚሥቁ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ጫማው እንምጣ። በ1986 ከመታሩ ወደ ዲናሞ ቡካሬስት ተዛወረ። ዲናሞ የአገር ግዛት ሚኒስቴር ክለብ ነበር፤ ባላጋራው ስቴያዋ ደግሞ የጦር ሠራዊቱ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ስቴያዋ በሴቪል ከተማ ባርሴሎናን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፎ የአውሮፓን የሻምፒዮኖች ዋንጫ ወሰደ። በ1987 የሩማንያን ሻምፒዮና ያገኘውም ስቴያዋ ነው። ስለዚህ በዚያ ዓመት ለዲናሞ የቀረለት ትልቅ መኵሪያ የከመታሩ ጎል ነበር ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም።

በውጭ አገር የሚፎካከረው የኦስትሪያው ቶኒ ፖልስተር ነበረ። ፖልስተር ለኦስትሪያ ቪየና ተሰልፎ 39 ጎል አገባ። የከመታሩ ጎል ግን በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ድንገት እየበዛ ሄደና 44 ደረሰ፤ ጫማውም ለእርሱ ተሰጠ። የተቃራኒ ቡድን ተከላካዮች ቦታቸውን ይለቁለት ነበር፥ ጨዋታውም አስቀድሞ የተነጋገሩበት ነበር የሚል ወሬ ወዲያው ተነሣ። ከጊዜ በኋላም አዘጋጆቹ ለፖልስተር ሌላ የወርቅ ጫማ ሰጡት፤ የከመታሩን ግን አልነጠቁትም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ፖልስተር ግን ብዙ ሌሊት ማደር ነበረበት። በሽልማቱ ቀን ከሕዝብ ፊት መቆም የሚገባው ሰው፥ ከዓመታት በኋላ ሌላ ጫማ ቢሰጡት ያንን ቀን ማን ይመልስለታል?

እዚህ ላይ ጥፋቱን በከፊል በውድድሩ ሕግ ላይ አደርጋለሁ። ሽልማቱን በ1968 የጀመሩት ፈረንሳውያን ጋዜጠኞች ሲሆኑ፥ ሕጋቸው መቍጠር ብቻ ነበር። በጠንካራ ሊግ የገባውም ሆነ በደካማ ሊግ የገባው ጎል እኩል ነበር። ከዚህም የተነሣ በ1991 ከቆጵሮስ በመጣ የጎል ቍጥር ክርክር ሽልማቱ ተቋረጠ። ከ1996/97 ጀምሮ እንደገና ሲቋቋም የአምስቱ ብርቱ ሊጎች ጎል በሁለት እንዲባዛ፥ የሌሎቹ እንደየደረጃቸው እንዲያንስ ተደረገ። ይህ መልካም ነው፤ ሆኖም ማባዛት የተከላካይን እግር ከቦታው አያንቀሳቅስም።

በክርክራችን ሁለት ወገን ነበር። አንደኛው ወገን «ሁሉም ያደርገዋል፤ ሩማንያን ብቻ ለምን?» ይል ነበር። ሁለተኛው ወገን የሰውየው ስም ከመዝገብ ሁሉ ይፋቅ ባይ ነው። እኔ ከሁለቱም አልስማማም። ለፊተኛው የምመልሰው የፖልስተርን 39 ጎል ነው። ለኋለኛውም ይህን እላለሁ፦ ከመታሩ በሩማንያ አንደኛ ዲቪዚዮን ያገባው ጎል ሁለት መቶ ሊሞላ የቀረበ ነው። የዚያን ዓመት 44 ጎሎች በሙሉ፥ እውነተኞቹን ጭምር ብንሰርዝበት እንኳ ከመቶ ሃምሳ የማያንስ ይተርፈዋል። በ1989 ወደ ቤልጅየም ሻርልሯ፥ ከዚያም ወደ ሆላንድ ሄረንፌን ሄዶ እስከ 1993 ሲጫወት፥ በዚያ ቦታ የሚለቅለት ተከላካይ አልነበረም።

እንግዲያስ ተበዳዮቹ ሁለት ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ አንዱ ፖልስተር፥ ሁለተኛው ራሱ ከመታሩ። በክራዮቫ በላቡ ያገባው ጎል ሁሉ ዛሬ ሲነገር አድማጩ ዐይኑን ይጠቅሳል። ጫማውን እምቢ ማለት ይገባው ነበር፤ ይህን አልክድለትም። ነገር ግን በዚያን ጊዜ በሩማንያ ከአገር ግዛት ሚኒስቴር ክለብ ፊት ቆሞ እምቢ ማለት፥ በእኛ ሜዳ ዳር ቆሞ እንደ መፍረድ ቀላል አልነበረም። እኔ ከሁሉ አብዝቼ የምወቅሰው፥ ወሬው እውነት ከሆነ፥ ስሙ በየትም የማይጻፈውን ያንን ዘወር ያለ ተከላካይ ነው። እርሱ ሽልማት አላገኘም፥ አልተሰደበም፤ ሌሎቹ ሲከራከሩ እርሱ በሰላም ቤቱ ገባ።

ይህን የምለው ስለማውቀው ነው። አምና በክፍሎች ውድድር የክፍላችን በረኛ ነበርሁ። እኛ አስቀድመን ተሸንፈን ስለ ወጣን የመጨረሻው ጨዋታ ለእኛ ትርጕም አልነበረውም። ከሌላው ክፍል የነበረው ወዳጄ ግን ብዙ ጎል ላገባ የተዘጋጀውን ሽልማት፥ አንድ ጥንድ አዲስ ታኬታ፥ ለማግኘት ሁለት ጎል ይቀረው ነበር። በዋዜማው ማታ አብረን ስናጠና «ለአንተ ምን ይጐድልብሃል?» አለኝ። መልስ አልሰጠሁትም። በማግሥቱ አንዱን ጎል በሚገባ አገባው። ሁለተኛው ቀስ ብሎ በመሬት የመጣ ኳስ ነበር፤ እኔም ዘግይቼ ወደቅሁ። አወዳደቄ እጅግ ያማረ ስለ ነበር ማንም አልጠረጠረኝም፤ እንዲያውም አጨበጨቡልኝ።

ወዳጄ ታኬታውን ወሰደ። በአንድ ጎል ተበልጦ ሁለተኛ የወጣው የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ነበር፤ ዘንድሮ አሥረኛ ሆኖ ለትምህርት ቤቱ ቡድን ተመርጦአል። በየሳምንቱ ቅዳሜ ልምምድ ላይ በአሮጌ ሸራ ጫማ ወደ እኔ ይመታል፤ ባዳንሁበት ቍጥርም «ጎበዝ ጋሼ!» ይለኛል። እስከ ዛሬ አልነገርሁትም። መጽሔቱ ሲታደል የእርሱን ቅጂ እኔው ራሴ ወስጄ እሰጠዋለሁ።